የአዋሽ ወንዝ የታንኳ መንገድና ጠባቂዎቹ

ከጀልባው በፊት መቅደም ስለሚገባው ሥራ

አውራ ጎዳና ሲሠራ የሚጠግነው ሰው ይመደብለታል፤ የምድር ባቡር ሐዲድ ሲዘረጋም ሐዲዱን እየመረመረ የላላውን የሚያጠብቅ ሠራተኛ ይቆምለታል። ይህን ነገር ከነጋዴ ይልቅ አሳምሮ የሚያውቅ የለም። ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ በሎግያ፥ በሚሌና በአዋሽ ሰባት ኪሎ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው የጭነት መኪና መንገዱ በጎርፍ ቢቆረጥበት፥ የዕቃው ዋጋ በገበያ ላይ ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ያውቃልና። የወንዝ መንገድ ግን ሌላ ዕድል ያለው ይመስላል። ወንዝ በራሱ ስለሚፈስ መንገዱም በራሱ የሚኖር ይመስላል፤ በላዩ ታንኳ ለማስኬድ የፈለገ ሰው ታንኳውን ከመግዛት በቀር ሌላ መሰናዶ የማያስፈልገው ይመስለዋል።

ይህ አሳብ ስሕተት መሆኑን በውኃ መንገድ የተጠቀሙ አገሮች ሁሉ በኪሣራ ተምረውታል። ወንዝ በየክረምቱ አልጋውን ይለውጣል፤ ግንድ ይጥላል፤ ዳሩን ይንዳል፤ አረም ያበቅላል። የታንኳ መንገድ የሚባለው ነገር የሚኖረው ይህን ሁሉ ከዓመት እስከ ዓመት የሚከታተል ሰው ሲኖር ነው። የሚገርመውም ይህን ሥራ በአብዛኛው የያዙት ደመወዝተኞች ሳይሆኑ በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ ሰዎች መሆናቸው ነው።

በታችኛው አዋሽ፥ በዱብቲ፥ በሰመራና በአሳይታ የሚኖሩ የሆቴል ባለቤቶች፥ የመኪና አከራዮችና አስጎብኚዎች ወንዙን ለጎብኚ መስሕብ ለማድረግ ቢያስቡ፥ ከጀልባው ዋጋ በፊት ሊያሰሉት የሚገባቸው ይህንኑ የጠባቂነት ሥራ ነው።

አዋሽና ዱብቲ

አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፥ በጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ይመነጫል። ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ፥ እንደ ሌሎቹ ታላላቅ ወንዞች ከአገር ሳይወጣ፥ ባሕርም ሳያይ፥ በጅቡቲ ድንበር ላይ በሚገኘው በአቤ ሐይቅ ያልቃል። ከዚያ ከመድረሱ በፊት በዱብቲ ሜዳ አልፎ ወደ አሳይታ ይወርዳል፤ ከአሳይታ በታችም ገመሪንና አፋምቦን በመሰሉ ሐይቆች መካከል ይበታተናል።

እ.ኤ.አ. ከ1933 እስከ 1934 ድረስ እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲጀር ወንዙን ተከትሎ እስከ መጨረሻው የተጓዘው በግመልና በእግር ነበር። አዋሽ የሠለጠነው ዓለም መንገድ ሳይሆን የአርብቶ አደሩ የበጋ መጠጊያ ነበረና። ዝናብ ሲጠፋና ሜዳው ሲደርቅ፥ ከብትና ግመል ነፍሱን የሚያተርፈው ወደ ወንዙ ዳር በመውረድ ነው።

ወንዙን በሰው እጅ መግራት የተጀመረው ከላይ ነው። ከጣሊያን በተገኘው የጦር ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራውን ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1962 የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከግድቡ በታች ያለው ውኃ በክረምትና በበጋ የሚኖረው ልዩነት ስለ ጠበበ፥ ሰፋፊ እርሻዎች በሸለቆው ተዘረጉ። በዱብቲም ሚቼል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የተንዳሆ እርሻ አክሲዮን ማኅበርን አቋቁሞ ጥጥ ማምረት ያዘ፤ በአውሳም በሱልጣን ዓሊ ሚራህ ሐንፈሬ ዘመን የጥጥ እርሻ ተስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ1975 የገጠር መሬት ሲወረስ እነዚህ እርሻዎች ወደ መንግሥት እጅ ገቡ። ከዚያም በኋላ በቅርቡ ዘመን 1.86 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝ የታቀደው የተንዳሆ ግድብ ከዱብቲ በላይ ተሠርቶ፥ የጥጡን ሜዳ ለሸንኮራ አገዳ ለማዋል የታሰበበት የስኳር ፋብሪካም በዚያው አካባቢ ተተከለ።

ይህ ታሪክ ለታንኳ መንገድ ጉዳይ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛው፥ ዛሬ በዱብቲ የሚያልፈው ውኃ መጠኑን የሚያገኘው ከሰማይ ብቻ ሳይሆን ከግድብ መዝጊያም ጭምር መሆኑ ነው። ሁለተኛው፥ የወንዙ ዳር ባዶ መሬት አለመሆኑ ነው። እርሻው በተስፋፋ ቍጥር አርብቶ አደሩ የበጋ ግጦሹንና የከብቱን መውረጃ እያጣ ስለ መጣ፥ ስለ ወንዙ የሚነሣ አዲስ አሳብ ሁሉ በጥርጣሬ ቢታይ የሚያስደንቅ አይደለም።

በኢትዮጵያ ወንዞች ላይ የተደረገ የጀልባ ጕዞ

በኢትዮጵያ ወንዞች ላይ በጀልባ መጓዝ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራ የእንግሊዝ ጦር ሠራዊት ቡድን ዓባይን በጀልባ ወርዷል፤ በዚህም ጕዞ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ ሪቻርድ ባንግስ የተባለ አሜሪካዊ ወጣት ከጓደኞቹ ጋራ መጥቶ በጎማ ጀልባ አዋሽንና ኦሞን ወረደ። እነዚህ ወጣቶች ያቋቋሙትን ድርጅት «ሶቤክ» ብለው የሰየሙት በጥንታዊት ግብፅ በአዞ አምሳል ይታይ በነበረው ጣዖት ስም ነው፤ በወንዞቹ ላይ ከሁሉ በላይ የፈሩት አዞን ነበርና። ያ ድርጅት በኋላ ከሌላ ጋራ ተዋሕዶ በዓለም የታወቀ የጕዞ ኩባንያ ሆኗል።

ለነጋዴ ይህ ታሪክ ሊጤን የሚገባው ነው። ከኢትዮጵያ ወንዞች የተነሣ ንግድ በውጭ አገር አድጎ ጽሕፈት ቤትና ስም አገኘ። የኦሞ የጎማ ጀልባ ጕዞ ለብዙ ዓመታት ለውጭ ጎብኚዎች ሲሸጥ ኖሯል፤ ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የግልገል ጊቤ ሦስተኛ ግድብ የወንዙን አፈሳሰስ ለውጦታል። ተጓዥ መጥቶ ይሄዳል፤ ውኃውን ዕለት ዕለት የሚያየው የዳሩ ነዋሪ ነው። ስለዚህም ወንዙን የሚያውቅና የሚጠብቅ የአገሩ ሰው በሌለበት፥ የጕዞው ንግድ ሥር አይሰድም።

በፈቃድ የተጠበቁ የውኃ መንገዶች

በእንግሊዝ አገር በእንፋሎት ባቡር ምክንያት የተተዉ አያሌ የመጓጓዣ ቦዮች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1946 የአገር ውስጥ የውኃ መንገዶች ማኅበር ከተቋቋመ በኋላ፥ ቦዮቹ ተደፍነው እንዲቀሩ የወሰኑትን ሹማምንት የሚከራከሩ ዜጎች ተነሡ። ክርክሩ በወረቀት ብቻ አልቀረም። የስትራትፎርድ ቦይ ደቡባዊ ክፍል በቅዳሜና እሑድ በሚመጡ ፈቃደኞች፥ በወታደሮችና በእስረኞች ጉልበት ጭቃው ተጠርጎ፥ መዝጊያዎቹ ተጠግነው እ.ኤ.አ. በ1964 እንደ ገና ለጀልባ ተከፈተ። ኬኔትና ኤቨን የተባለው 87 ማይል የሚረዝመው ቦይም ከብዙ ዓመታት የፈቃደኞች ድካም በኋላ እ.ኤ.አ. በ1990 ተመርቋል። ዛሬ በእነዚህ ቦዮች ዳር ያለው ቡና ቤት፥ ማረፊያ ቤትና ጀልባ አከራይ ሁሉ የሚኖረው በዚያ ድካም ላይ ነው።

በአሜሪካ የሜይን ግዛት የባሕር ዳርቻ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1988 የተቋቋመ ማኅበር አለ። ይህ ማኅበር ወደ 600 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ዳርቻ ላይ ለትንንሽ ጀልባዎች የሚሆን መንገድ ይጠብቃል። በመንገዱ ላይ ካሉት ደሴቶች አያሌዎቹ የግል ሰዎች ርስት ናቸው። ባለርስቶቹ እንግዳ በደሴታቸው እንዲያድር የሚፈቅዱት በኪራይ ውል ሳይሆን በመተማመን ነው፤ የመተማመኑም ዋስትና የማኅበሩ አባላት በየጊዜው እየመጡ ቆሻሻውን ማንሣታቸው፥ የእሳት ቦታውን መመርመራቸው፥ የእንግዶችን ብዛት መቍጠራቸው ነው። ጠባቂው ቢቀር ፈቃዱ ይቀራል፤ ፈቃዱ ቢቀር መንገዱ ይዘጋል።

በዚያው አገር ከኒው ዮርክ ግዛት ተነሥቶ በካናዳ የኬቤክን ምድር ነክቶ በሜይን የሚያልቅ፥ እ.ኤ.አ. በ2006 የተከፈተ ሌላ የታንኳ መንገድ አለ። ርዝመቱ 740 ማይል ማለት ወደ 1,190 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከአዋሽ ርዝመት ጋራ የሚተካከል መሆኑ ነው። ይህን ሁሉ አንድ መሥሪያ ቤት በደመወዝ ልጠብቅ ቢል የሚቻለው አይሆንም። የተገኘው ዘዴ መንገዱን በቍራጭ በቍራጭ መክፈል ነው። እያንዳንዱን ቍራጭ አንድ ሰው ወይም አንድ ቤተሰብ ወይም አንድ ትምህርት ቤት ይረከባል፤ ተረካቢውም በዓመት ጥቂት ጊዜ ሄዶ የወደቀውን ግንድ ይቆርጣል፥ ምልክቱን ያድሳል፥ ታንኳ በትከሻ ተሸክሞ የሚታለፍበትን የእግር መንገድ ይመነጥራል፥ ያየውንም ለማኅበሩ ይጽፋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው እንደ ተባለው ነው።

ጣና የሰጠው ትምህርት

በፈቃድ ውኃን መጠበቅ ለኢትዮጵያ ከውጭ የሚመጣ ትምህርት ብቻ እንዳልሆነ የጣና ሐይቅ ይመሰክራል። በጣና ላይ ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ከጥንት ጀምሮ እህል፥ ማገዶና ሰው ሲያመላልስ ኖሯል። የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ በሥራው የታወቀ ነው። ደንገሉ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ታንኳው ከውኃ እየወጣ መድረቅ አለበት፤ ሲያረጅም በአዲስ ይተካል።

እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ የእንቦጭ አረም መታየቱ ተመዘገበ። ይህ አረም ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው፤ በሚመቸው ውኃ ላይ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሳይቆይ በደምቢያ፥ በጎንደር ዙሪያ፥ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል ዓሣ አጥማጁ መረቡን የሚጥልበት፥ ታንኳውም የሚያልፍበት ቦታ እየጠበበ ሄደ። በዚህ ጊዜ የዳርቻው ገበሬዎች እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ገብተው በእጃቸውና በመንሽ አረሙን ይጎትቱ ጀመር፤ ከከተማ የመጡ ወጣቶችና ተማሪዎችም አገዟቸው። በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. የአንድ ወር ታላቅ ዘመቻ ታውጆ፥ ብዙ ሕዝብ ወደ ሐይቁ ተሰማርቷል። አጫጅ ማሽኖችም ተገዝተውና በእርዳታ መጥተው ነበር፤ ነገር ግን ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ላይ የሰው እጅ የሚሠራውን ሊተኩ አልቻሉም።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ሁለት ገጽ አለው። በአንድ በኩል፥ የደቦና የወንፈል ልማድ ያለው ሕዝብ ለጋራ ውኃው ሲጠራ የሚመጣ መሆኑ ታይቷል። በሌላ በኩል፥ የእንቦጭ ዘር በጭቃ ውስጥ ብዙ ዓመት ተቀብሮ ሊቆይ ስለሚችል፥ የአንድ ወር ዘመቻ ብቻውን አይበቃም። ዘመቻው አረሙን ይቀንሰዋል፤ እንዳይመለስ የሚያደርገው ግን ከዘመቻው በኋላ በየሳምንቱ ዳርቻውን የሚያየው ሰው ነው። የተነቀለውም አረም ከውኃው ርቆ ካልደረቀና ካልተቃጠለ፥ የመጀመሪያው ጎርፍ መልሶ ይወስደዋል።

አዋሽ የሚጠይቀው ሥራ

በአዋሽ ላይ የእንቦጭ ነገር ከጣናም የቀደመ ነው። አረሙ በኢትዮጵያ መታየቱ በመጀመሪያ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ላይ ነው። ውኃው ከላይ ወደ ታች ስለሚወርድ፥ በቆቃ የተለቀቀ አንድ ቅርንጫፍ በታችኛው ሸለቆ ባለ እርጋታ ያለው ውኃ ላይ ሥር ሊሰድ ይችላል። ከአዲስ አበባ የሚወርደው የአቃቂ ወንዝም ቆሻሻውን ይዞ ወደ አዋሽ ይገባል። ስለዚህ በዱብቲ ዳርቻ ላይ የሚሰበሰበው የፕላስቲክ ዕቃ ሁሉ በዱብቲ ሰው የተጣለ አይደለም፤ የታችኛው ጠባቂ የላይኛውን ነዋሪ ትብብር የሚሻው በዚህ ምክንያት ነው።

ከእንቦጭ ይልቅ በአፋር ምድር የከበደው ጠላት ግን በየብስ የሚበቅለው ነው። በአማርኛ «የወያኔ ዛፍ»፥ በአፋርኛ «ዴርጊ ሃራ» እየተባለ የሚጠራው ፕሮሶፒስ፥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ ለጥላና ለበረሓ መከላከያ ተብሎ በመካከለኛው አዋሽ ተተክሎ ነበር። ከብት ፍሬውን እየበላ ዘሩን በየሄደበት ስለ ጣለ፥ ጎርፍም ስለ አከፋፈለው፥ ዛሬ በክልሉ የያዘው መሬት ከ1 ሚሊዮን ሄክታር እንደሚበልጥ በጥናት ተገምቷል። በወንዝ ዳር ሲበቅል እንደ አጥር ይጋጠማል፤ ከብት ወደ ውኃ የሚወርድበትን ይዘጋል፤ እሾሁም የእንስሳን ሰኰና ይወጋል። የጎማ ጀልባ ከእንዲህ ያለ ዳርቻ ጋራ ቢነካካ ምን እንደሚደርስበት ለመገመት አያዳግትም።

ይህን ዛፍ በገጀራ ከላዩ መቍረጥ እንደ መግረዝ ይቈጠርለታል፤ ከግንዱ ብዙ ቀንበጥ አውጥቶ ከቀድሞው የበለጠ ይጠቀጠቃል። የሚሞተው ከመሬት በታች ያለው ያቈጠቈጠበት ጕልቻ በዶማ ተቈፍሮ ሲወጣ ነው። ስለዚህ የወንዝ መውረጃን ለመክፈት የሚሰማራ ቡድን መጥረቢያ ብቻ ሳይሆን ዶማ፥ ወፍራም የቆዳ ጓንትና እሾህ የማይበሳው ጫማ ያስፈልገዋል። ግንዱ ለከሰልና ለአጥር ስለሚውል ድካሙ ከንቱ አይቀርም፤ ከሰሉ ግን በሕግና በፈቃድ መሠራት ይኖርበታል።

ሦስተኛው የመስኖ ውኃ መጥለፊያ ነው። ታንኳ የማያውቅ ሰው ትልቅ ፏፏቴን ይፈራል፤ ዝቅ ያለውን የሲሚንቶ ግድብ ግን ይንቃል። እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው። በዝቅተኛ ግድብ ላይ የሚያልፈው ውኃ ከግርጌው ተጠቅልሎ ወደ ኋላ ስለሚመለስ፥ የወደቀበትን ሰው የመንሳፈፊያ ሰደርያ የለበሰ እንኳ ቢሆን እዚያው እያገላበጠ ሊያስቀረው ይችላል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ መጥለፊያ አስቀድሞ ከሩቅ የሚታይ ምልክት መቆም፥ ታንኳም ከውኃ ወጥቶ በትከሻ የሚታለፍበት መንገድ መመንጠር አለበት። ምልክቱን ጎርፍ በየክረምቱ ስለሚወስደው፥ ከክረምት በኋላ እንደ ገና መትከል የጠባቂው የመጀመሪያ ሥራ ነው።

አራተኛው ወቅት ነው። በሐምሌ፥ በነሐሴና በመስከረም የደጋው ዝናብ ወደ ሸለቆው ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2020 ክረምት አዋሽ ሞልቶ በአፋር ክልል ብዙ ሺህ ሰዎችን ከቤታቸው አፈናቅሏል። በግንቦትና በሰኔ ደግሞ የዱብቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል። ለመዝናኛ የሚስማማው ወራት ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ነው። በዚያም ጊዜ ቢሆን ከግድብ የሚለቀቀውን ውኃ የሚያውቅ ሰው ሳይጠየቅ ወደ ወንዝ መውረድ አይገባም። አዞና ጕማሬም በታችኛው አዋሽ ይገኛሉ፤ የሚያርፉበትን ስፍራ ለይቶ የሚያውቀው ከብቱን በየቀኑ የሚያጠጣው የአካባቢው ሰው እንጂ ካርታ አይደለም።

ጠባቂው ከወዴት ይገኛል?

ጠባቂን ከሩቅ ማምጣት አያስፈልግም። የአፋር ሕዝብ ለዚህ ሥራ የሚስማማ የራሱ ሥርዐት አለው። አንደኛው «ዳጉ» ነው። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ቆመው ወይም ተቀምጠው የመጡበትን አገር ወሬ፥ የግጦሹን፥ የውኃውን፥ የሰላሙን ነገር በጥንቃቄ ይለዋወጣሉ። ያየውን መደበቅ ወይም ያላየውን መጨመር ነውር ነው። በሌላ አገር ጠባቂዎች በወረቀት የሚያደርጉትን ዘገባ ዳጉ ከቀድሞ ጀምሮ በአፍ ሲያደርገው ኖሯል። በየትኛው ጥምዝ ላይ ግንድ እንደ ወደቀ፥ በየትኛው አሸዋ ላይ አዞ እንደ ወጣ፥ ውኃው ከትናንት ይልቅ እንደ ጨመረ የሚናገር ሥርዐት ከተገኘ፥ የቀረው የሚቀበለውንና የሚመዘግበውን ሰው መመደብ ብቻ ነው።

ሁለተኛው «ፊማ» የሚባለው የእድሜ እኩዮች ማኅበር ነው። ፊማ በአለቃው እየተመራ የተቸገረን ይረዳል፥ የጋራ ሥራ ይሠራል፥ የሽማግሌዎችን ውሳኔ ያስፈጽማል። የወንዙ ቍራጭ ለአንድ ፊማ ቢሰጥ፥ ቍራጩ ባለቤት አገኘ ማለት ነው። በመካከልም ጠብ ቢነሣ የሚዳኘው «ማዳአ» የተባለው ባህላዊ ሕግ አለ።

ይህ ሲባል ግን አንድ ነገር አስቀድሞ መነገር አለበት። ታንኳ የሚወርድበት ቦታ ብዙውን ጊዜ ከብት ውኃ የሚጠጣበት ቦታ ነው፤ ዳሩ ዝቅ ያለው፥ መሬቱም የጠነከረው በዚያ ነውና። ለጎብኚ ሲባል የከብት መውረጃ ቢታጠር፥ ከዚህ ቀደም በእርሻ ምክንያት የደረሰው ቅሬታ በመዝናኛ ምክንያት ይደገማል። ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ «ከብት ይቀድማል» የሚል መሆን አለበት። ከዚያም በላይ ለታንኳው የሚመነጠረው እሾህ ለከብቱም መንገድ የሚከፍት ከሆነ፥ አርብቶ አደሩ ወንዙን የሚጠብቀው ለእንግዳ ብሎ ሳይሆን ለራሱ ብሎ ይሆናል። ከደመወዝ በላይ ጸንቶ የሚኖር ምክንያትም ይኸው ነው።

የነጋዴው ድርሻ

በፈቃድ የሚሠራ ሥራ ያለ ወጪ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ጉልበቱን በነጻ የሚሰጥ ሰው ዶማውን፥ ጓንቱን፥ ምሳውንና የመመለሻ መኪናውን ከራሱ እንዲያወጣ ቢጠየቅ፥ በሁለተኛው ዓመት አይገኝም። በውጭ አገር ያሉት ማኅበራት የጸኑት ዕቃውን የሚገዛ፥ መጋዘኑን የሚሰጥ፥ ለአደጋ ዋስትና የሚከፍል ነጋዴ ከጎናቸው ስለ ቆመ ነው።

ንግዱም ቢሆን የሚያተርፍበት ምክንያት ግልጥ ነው። ወደ ኤርታ አሌና ወደ ዳሎል ከሚሄደው ጎብኚ ብዙው በሰመራ በኩል ያልፋል፤ አንድ ሌሊት አድሮ፥ ነዳጅ ሞልቶ፥ ውኃ ገዝቶ ይሄዳል። በሸለቆው እ.ኤ.አ. በ1974 የሉሲ አጽም የተገኘበት ሐዳር አለ፤ የታችኛው አዋሽ ሸለቆም እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ለዚህ ሁሉ እንግዳ በማለዳ ወይም በሠርክ ለጥቂት ሰዓት በታንኳ የሚሄድበት ጸጥ ያለ ውኃ ቢገኝ፥ አንድ ተጨማሪ ሌሊት ማደሩ አይቀርም። የአንድ ሌሊት መጨመር ለሆቴሉ አልጋ፥ ለምግብ ቤቱ እራት፥ ለሥጋ ሻጩ ፍየል፥ ለወተት ሻጯም ገበያ ነው።

ነገር ግን ትርፉን አስቀድሞ ጥበቃውን ማዘግየት አደጋ አለው። አንድ አስጎብኚ ጥቂት ጀልባ ገዝቶ፥ መጥለፊያውን የሚያመለክት ምልክት ሳይቆም፥ የግድቡን ውኃ የሚያውቅ ሰው ሳይጠይቅ እንግዳ ቢያወርድና አንድ ሰው ቢሰጥም፥ የሚጎዳው ያ አስጎብኚ ብቻ አይደለም። ወሬው ፈጥኖ በዓለም ይዳረሳል፤ የሰመራ ሆቴል፥ የአሳይታ መኪናና የዱብቲ ሱቅ ሁሉ አብረው ይከስራሉ። የወንዝ ንግድ መልካም ስም የጋራ ካፒታል ነው፤ አንዱ ቢያባክነው ሁሉም ያጣዋል።

ስለዚህ ሥራው ከትንሽ መጀመር ይገባዋል። በመጀመሪያ ከውኃና ኢነርጂ መሥሪያ ቤቶች፥ ከእርሻውና ከወረዳው አስተዳደር ጋራ ተነጋግሮ፥ ከመጥለፊያዎች ነጻ የሆነ አንድ አጭር ቍራጭ መምረጥ ነው። ቀጥሎም ሽማግሌዎቹን አማክሮ መውረጃውንና መውጫውን መወሰን፥ ከጎኑም የከብቱን ስፍራ መለየት ነው። ከዚያ ጠባቂዎቹን ማሠልጠን ይከተላል፤ መዋኘትን፥ ገመድ መወርወርን፥ የሰመጠን ሰው ትንፋሽ መመለስን ሳይማር ማንም ጠባቂ ሊባል አይገባውም። አንድ ዓመት ሙሉ፥ ክረምትና በጋ፥ የውኃው ከፍታና የዳሩ ሁኔታ ከተመዘገበ በኋላ ብቻ የመጀመሪያው ታንኳ ይውረድ። ከእያንዳንዱ እንግዳ ከሚገኘው ክፍያም የተወሰነው ክፍል አስቀድሞ ለመሣሪያ፥ ለምልክትና ለዋስትና ተለይቶ ቢቀመጥ፥ ሒሳቡም በየዓመቱ ለሕዝብ ቢነበብ፥ መተማመኑ ይጸናል።

የንግድ ምክር ቤቶች በዚህ ረገድ ሊያደርጉት የሚችሉት ብዙ ነው። አባሎቻቸውን አስተባብረው አንድ የመሣሪያ መጋዘን ማቋቋም፥ ለጠባቂዎቹ ሥልጠና መክፈል፥ በላይኛው አዋሽ ያሉ ፋብሪካዎችና ሆቴሎች ቆሻሻቸውን ወደ ወንዝ እንዳይለቁ በአባልነታቸው ማሳሰብ ከሥልጣናቸው ውጭ አይደለም። በቢሾፍቱ ወይም በአዳማ ያለ ባለፋብሪካ ወንዙን ንጹሕ አድርጎ ቢለቅ፥ ዱብቲ ላይ ለሚቆመው ጠባቂ የግማሽ ዓመት ድካም ቀነሰለት ማለት ነው።

አዋሽ ከደጋ እስከ በረሓ ሲወርድ ብዙ ሥራ ይሠራል፤ መብራት ይሰጣል፥ እርሻ ያጠጣል፥ ከብት ያረካል። በዚህ ላይ የታንኳ መንገድ እንዲሆን ቢታሰብ ለወንዙ ተጨማሪ ሸክም እንጂ አዲስ ሀብት የሚሆነው አይደለም፤ ሸክሙን የሚያቃልልለት ጠባቂ ካልቀደመ በቀር። ጠባቂው ቀድሞ ከተገኘ ግን የእሾሁ መመንጠር፥ የአረሙ መነቀልና የውኃው መጥራት ጥቅሙ ከጎብኚው በፊት ለአካባቢው ሕዝብ ይደርሳል፤ አንድም እንግዳ ባይመጣ እንኳ የወጣው ገንዘብ አልጠፋም። እንዲህ ያለ ሥራ፥ ኪሣራ የሌለበት መነገጃ ነውና፥ የታችኛው አዋሽ ነጋዴዎች ከጀልባው ገበያ አስቀድመው የዶማውንና የጓንቱን ዋጋ ቢጠይቁ ብልኅነት ይሆናል።